ናታን እንኳ ተመልሷል

ስለ ሰባኪህ «እሳቸው ካሉ እግዜር አለ፤ አለቀ!» ትላለህ።

አላለቀም ወንድምዓለም። ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ብሎ ነቢዩን ናታንን ቢያማክረው፣ ናታን «በርታ፣ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ነው» ብሎ አሰናበተው። በዚያው ሌሊት ቃል መጣለት፦ የሚሠራው ልጁ ነው እንጂ ዳዊት አይደለም። ናታንም ተመልሶ የራሱን ቃል ሻረ። እውነተኛ ነቢይ ነበር፤ የፊተኛው ቃል ግን የናታን ነው፣ የኋለኛው የእግዚአብሔር። መጽሐፉ የነቢይን ሁለት ቃል እንዲህ ከለየ፣ አንተ የሰባኪህን መቶ ቃል ለምን በአንድ ማኅተም ታትማለህ?

«የጥንት ሰዎች እንዲህ አይጠይቁም ነበር» ትላለህ።

ጥንትን ካነሣህ ሩቅ አንሄድም፤ ቦሩ ሜዳ ለደሴ ደጃፏ ነው። ግንቦት 1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠሩ። በክርስቶስ ነገር የተለያዩት ካሮችና የጸጋ ልጆች ተከራከሩ፣ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ የጸጋ ልጆች ተረቱ። ጳጳስ የት ነበር? አቡነ አትናቴዎስ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አዲሶቹ አራት ጳጳሳት የመጡት ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ፍርዱን ያጸናው ዙፋን ነው። ክርክሩ በመጽሐፍ እንደነበረ አልክድም፤ እምቢ ባሉት ላይ የወረደውን ምላስ ቆረጣ ግን በየትኛው ወንጌል አገኘኸው?

ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ። ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር እምቢ ብለው ተነሡ። ከቀረው ብዙው ሰው ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ ሰላቱን ሰገደ። ዛሬ ያንን ትእዛዝ የእግዚአብሔር ቃል ነበር ብሎ የሚከራከር አንድ ቄስ ጥራልኝ።

«ግዝትስ? የጳጳስ ግዝት ከሰማይ ነው!»

እዚህ ላይ ቁምልኝ። በ1901 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ መኳንንቱ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስም ቃሉን የሚያፈርሰውን ገዘቱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም እነዚያው መኳንንት ኢያሱን ሊያወርዱ ሲነሡ አንገታቸው ላይ የቆመው ያ መሐላ ነበር። ማን ፈታላቸው? ያው አቡነ ማቴዎስ። አመነቱ፤ ግን ፈቱ። ኢያሱንም ገዘቱ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ የልጃቸውን ዙፋን ሊያስመልሱ ከወሎ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ስንት የወሎ ልጅ እዚያ ቀረ!

ከሁለቱ ግዝቶች የትኛው ነው ከሰማይ የወረደው? ሁለቱም ካልከኝ፣ እግዜርን በሰባት ዓመት ውስጥ ቃሉን የሚያጥፍ ሹም አደረግኸው። አቡኑን ላዋርድ አይደለም። ማሰርና መፍታት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሥልጣን ነው፤ የተሰጠው ግን ለነፍስ ነው፣ አልጋ ለማውረስና ለማውረድ አይደለም። ሁለቱን አንድ ያደረገ ምን እንደሚያስከፍል የሰገሌን ሜዳ ጠይቅ።

«በሠለጠነ አገር ቢሆን ነቢይ አይመረመርም» አልክ ደግሞ።

አሜሪካ ውስጥ ሞርሞኖች አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን፣ መጽሐፈ ሞርሞንንና ሌሎች ሁለት መጻሕፍትን ቅዱስ ይላሉ፤ ፕሬዚዳንታቸውንም ነቢይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1852 ያኔ ነቢያቸው የነበረው ብሪገም ያንግ ጥቁር ሰው ክህነት አይገባውም ብሎ በይፋ ተናገረ። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1978፣ በፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምባል ዘመን ነው፤ ከቦሩ ሜዳ መቶ ዓመት በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ለእገዳው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች ራሷ ጣለቻቸው። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ እንኳ ነቢይ ነቢይ የሚሆነው በነቢይነቱ ሲናገር ብቻ ነው ብሎ ነበር። እኔም አንተም ጥቁር ነን። ያ ሁሉ ዓመት የተሰበከብን የእግዚአብሔር ቃል ነበር? አልነበረም ካልክ፣ «እሳቸው ካሉ አለቀ» የምትለው እዚያው ፈረሰብህ።

«እስላሞቹ ግን ሼኻቸውን አይጠይቁም!»

ማን አለህ? የደሴ ዓሊም ፈትዋውን ሰጥቶ ሲጨርስ «ወላሁ አዕለም» ይላል፤ የበለጠ የሚያውቀው አላህ ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጋብቻ ሲጽፍ፣ በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 7፣ ይህ የጌታ ትእዛዝ ነው፣ ይህ ግን የእኔ ምክር ነው ብሎ ለይቷል። ዓሊሙ ይለያል፣ ሐዋርያው ይለያል፤ ማይክራፎን የጨበጠ ያንተ ሰባኪ የማይለይበት ምክንያት ምንድን ነው?

«እንግዲያ ማንንም አትሰማም ማለት ነው!»

እሰማለሁ እንጂ። የንስሐ አባቴ ጹም ቢሉኝ እጾማለሁ፤ ታረቅ ቢሉኝ እታረቃለሁ፤ ይህን ለማለት መጽሐፍ ከኋላቸው ቆሟል። ኮምቦልቻ ላይ «ከሙስሊም ጎረቤትህ ቡና አትጠጣ»፣ ደሴ ላይ «ከክርስቲያን ሱቅ አትግዛ» የሚለኝ ሰው ግን፣ ቄስም ይሁን ሼኽ ወይም ነቢይ ነኝ ባይ፣ ምዕራፍና ቁጥሩን ይዞ ይምጣ። ካጣው መንገድ ይልቀቅልኝ፤ አቦል ሳያልፈኝ ልድረስ።