ጥርሷን አሳየኝ

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ብስክሌት ሲገዛ ቀለም ቢያማርጥ ያምርበታል፤ አገሩ ሜዳ ነው። ደባርቅ የሚኖር ሰው ግን ቀለሙን የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ገንዘብ ከተረፈው ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የምንስበው አየር ምጽዋ ላይ ከሚሳበው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለችው ዳገት ላይ ተማሪ «እንደምን አደሩ መምህር» ሲለኝ የምመልሰው በአንገቴ ነው።

መንገዶቻችን ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። በደቡብ በኩል ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ የሚመጣው አስፋልት አለ። በምሥራቅ ወደ ሳንካበር የሚወጣው ጠጠርና አቧራ ነው። በሰሜን ሊማሊሞ አለ፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ፣ ስለ ሊማሊሞ በባዶ ሆድ አይወራም። ወደ ቤቴ የምትታጠፈው መንገድ በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ጭቃ ናት። እኔ እንግዲህ የምፈልገው ሰኞ ከነደብተር ክምሬ ሥራ የሚያደርሰኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ በሳንካበር መንገድ ትንሽ ወጣ አድርጎ የገብስ ማሳ የሚያሳየኝ አንድ ብስክሌት ነው። ሁለት መግዛትን የመምህር ደመወዝ አይፈቅድም። አንዱንም የፈቀደው እያጉረመረመ ነው።

ጉዳዩ የመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደደረሰ አገር ለሁለት ተከፈለ። የስፖርት መምህሩ የውድድር ብስክሌቱ የኮርሳ ወገን ነው። ክርክሩን የሚጀምረው ከታሪክ ነው፦ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ይዛ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ «አንተ ከማን ታንሳለህ?» ከሁሉም አንሳለሁ። የኮርሳ ጎማ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ኮብልስቶን በድንጋይና በድንጋይ መሀል የተወው ክፍተት ይህን ሳያኝክ ይውጠዋል። መሪው ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነም ጎንበስ ማለት ግድ ነው። በዚያ አኳኋን ርዕሰ መምህሩን ባልፋቸው፣ ሰላምታ ይሁን ሽሽት አይለይላቸውም።

የጂኦግራፊ መምህሩ በበኩሉ የማውንቴን ባይክ ጠበቃ ነው። «ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የስሜን ተራሮች ፓርክ ደጃፍ ላይ እየኖርክ ማውንቴን ካልገዛህ ማን ይግዛ?» ይላል። አነጋገሩ ደስ ይላል። ነገር ግን በእኔ አቅም የሚገዛው ማውንቴን የፊት አሞርዛተሩ ብቻ ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዳገት ላይ ቆመህ በረገጥክ ቁጥር ይሰምጣል። ወደ ፊት ልትሄድበት ያወጣኸው ጉልበት ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። እብጥ እብጥ ያለው ጎማውም ጭቃ ላይ ጌታ፣ አስፋልት ላይ ግን ጎታች ነው። ለዝናና ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር የሳንካበር ጠጠር ይህን ሁሉ መሣሪያ አይጠይቅም። እዚያ ጭላዳዎቹ በባዶ እግራቸው ይሄዱበታል።

የሁለቱ መሀል አለ፤ ዲቃላው። ይህን ለማየት ጎንደር ስወርድ ጎረቤቴ አብረውኝ ወረዱ። እሳቸው በቅሎ ለእንግዳ የሚያከራዩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ከዚያ ጦርነቱ ቱሪስቱን ካራቀው ወዲህ በቅሎዎቹም እሳቸውም ሰፊ ጊዜ አላቸው።

ነጋዴው ብስክሌቱን አውጥቶ አቆመው። «ቸርኬው የኮርሳ ነው፣ ልኩ የኮርሳ ነው፣ ቅልጥፍናው የኮርሳ ነው» አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። እኔ የፈለግሁት የአህያውን ወገን ነበር፤ የማውንቴኑን ማርሽ፣ ቀና አድርጎ የሚያስቀምጠውን መሪ፣ ወፈር ያለውን ጎማ። ስለዚያ ስጠይቀው ወሬ ለወጠ።

ጎረቤቴ ዝም ብለው ዞሩት። ኮርቻውን በመዳፋቸው ተጫኑት፣ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጠነቆሉት። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ጣታቸውን ከተቱና «ጭቃው በየት ይወጣል?» አሉ። ነጋዴው መልስ ሲፈልግ፣ «እሺ፣ ጥርሷን አሳየኝ» አሉት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ብስክሌት ለዳገት አገር ሲመረጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለማ! ከፊት በኩል ትንሹ ማርሽ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ከሁለት ሜትር በታች ብቻ ይጓዛል። ይህ ለሜዳ አገር ሰው ስድብ ነው። ለእኛ ግን በኮርቻ ላይ ተቀምጦ በመድረስና እየገፉ በመድረስ መሀል ያለው ልዩነት ነው። ማርሽ የሌለው የድሮው ቻይና ሠራሽ ብስክሌት በአንድ ዙር አምስት ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ያን አምስት ሜትር የምትከፍለው አንተ ነህ፣ ያውም በጉልበትህ።

ጥርስ ዕድሜም ይናገራል። አጠገቡ «ከውጭ የመጣች፣ እንደ አዲስ» የተባለች ያገለገለች ብስክሌት ቆማ ነበር። ጎረቤቴ አጎንብሰው የኋላ ማርሿን አዩ። ጥርሶቹ ጫፋቸው ሾሎ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አጋድለዋል፤ ካቴና ለዓመታት ሲስበው የኖረ ጥርስ እንዲያ ይበላል። «ይቺ አርጅታለች፣ ጫን ቢሏት ትጥላለች» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ባለ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ቢገባ እንኳ በደንብ ስትረግጠው ይዘላል። ነጋዴው ሳቁን አቆመ።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ የሚያያዘው ከጎሚስታችን ጋር ነው። ጎሚስታችን የመኪናና የባጃጅ ሰው ነው። ስለዚህ ቀጭኑ የፈረንሳይ ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ ከቤቴ አይገባም፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አፉ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው። ሌላው ጉድ ደግሞ ቁጥሩ ነው። ባለ 28 ሁሉ ባለ 28 አይደለም። የድሮው ቻይና ብስክሌት ባለ 28 ይባላል፣ ቸርኬው ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ ዲያሜትሩ 635 ሚሊሜትር ነው፤ ዲቃላውም ባለ 28 ይባላል፣ የእሱ ግን 622 ነው። አሥራ ሦስት ሚሊሜትር ምንም አይመስልም፤ የአንዱን ጎማ ለሌላው ሲያለብሱት ግን ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ገብቶ ይሽከረከራል። ከጎማው ጎን የተጻፈውን ትንሹን ቁጥር ያላነበበ ሰው ደባርቅ ተመልሶ ነው የሚያነበው። የብስክሌቱ አካል ጉዳይ አላከራከረንም፤ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ሰፈራችን ያለው በያጅ የሚበይደው ግን ብረት ነው።

ፍሬን ቀረ፤ ፍሬን ካለ ደግሞ ሊማሊሞ አለ። ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጦ ያወጣው ያ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ በኩል ሲወርድ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። እኔና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ብንሆን፣ ቀስ ብሎ ሲወረድ በዚያ አንድ ሺህ ሜትር ፍሬኑ የሚያፍነው ኃይል ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ለጎረቤት ሁሉ ቡና ይበቃል። ቸርኬውን በላስቲክ ጨምቆ የሚይዘው ፍሬን ለዚህ አይመከርም፤ በዝናብ ጊዜማ ሳሙና ነው። ባለዘይቱ ዲስክ ግሩም ነበር፣ ዘይቱ አየር ሲይዝ የሚያስተነፍሰው ሰው ካለ። ባለሽቦውን ዲስክ መረጥሁ፤ ሽቦ ቢበጠስ ሽቦ አይጠፋም።

ተከራክረን፣ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ምሎ አንድ ጊዜ ተቆጥቶ፣ ፓምፕ መርቆ ዲቃላውን ሸጠልኝ። ቀለሙ ቡናማ ነው፤ መጨረሻ ላይ አየሁት።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ ብስክሌቱ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ እኔና ጎረቤቴ ከውስጥ ነበርን። ዳባትን እንዳለፍን ጎረቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ ልጄ፣ ሊማሊሞን በእሷ ትወርዳለህ።»

«አንድ ቀን እሞክራለሁ አባባ።»

«መውጣቱስ?»

ስለ 28ቱና ስለ 34ቱ ጥርስ እንደገና ላስረዳ ጀመርሁ። በእጃቸው አቋረጡኝ።

«ቁልቁለቱ የአንተ፣ ዳገቱ የእኔ። ታች ድረስ መጥቼ በበቅሎ አወጣሃለሁ።»

«ስንት ያስከፍሉኛል?»

ትንሽ አሰቡ።

«ለሁለት ጭነት ነው የምትከፍለኝ። አንተ አንድ፣ እሷ አንድ። ለፓምፑ አልጠይቅህም።»