መም የሌላት የመም መኪና

«ምንድን ነው ግቢዬ ውስጥ የምትበታትነው?» አለችኝ እናቴ።

«የመም መኪና እየሠራሁ ነው።»

አሰላ ላይ እንዲህ አይባልም። እዚህ አገር መም የሰው እግር ነው የሚረግጠው። የእናቴ ፊት በራ፦ «ጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ሥራ አገኘህ እንዴ? መሙን የሚጠርግ መኪና ነው?» ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ዕቃ የማይጭን፣ ሰው የማያሳፍር፣ መንገድ የማይወጣ፣ በክብ ዞሮ ዞሮ እዚያው የተነሣበት የሚመለስ መኪና መሆኑን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «በሬም እኮ አውድማ ላይ በክብ ይዞራል፤ እሱ ግን ገብስ ይወቃል» አለች።

ጥፋቱ የጃፓኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 መውጣት የጀመረ «ኢኒሻል ዲ» የሚባል የሥዕል ታሪክ አላቸው። ጀግናው የአባቱን ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር፣ በሌሊት ተራራ ላይ የሚያመላልስ ጎረምሳ ነው። የሚነዳት ቶዮታ ኤኢ 86 ናት፤ ስሟ ቢከብድም ኮሮላ ናት፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት። ይህን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ተራራ እንደሆነ ጭላሎ አለን። ኮሮላም አለን፤ ያቺው የጥንቷ ዲ ኤክስ፣ እሷም በኋላ ጎማዋ የምትገፋ። የጎደለን ቶፉ ብቻ ነው።

ደላላው «ስፖርት ናት» ብሎ ሸጠልኝ። ለደላላ ቀይ ቀለም ያላት ሁሉ ስፖርት ናት። «በሯ ሁለት፣ ቀለሟ ቀይ፣ ሌላ ምን ቀራት?» አለኝ። ዋጋዋን አልናገርም፣ እናቴ ታነብ ይሆናል። ዲ ኤክስ ደግሞ እኛ አገር መኪና ብቻ አይደለችም፣ ጥሪት ናት። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አከበደ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። እዚህ ያለችው አሮጊት እያደር ትወደድ ጀመር። እንዲህ ያለችውን ነው እንግዲህ በብረት መጋዝ የገጠምኳት። አጎቴ ሊጠይቀን መጥቶ መጋዙን ሲያይ፣ የምትታለብ ላም ስትታረድ እንዳየ ሰው ራሱን ያዘ።

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሕግ ማቅለል ነው። መኪና ሠሪውን ሎተስን የመሠረተው እንግሊዛዊ ኮሊን ቻፕማን ዕድሜውን የፈጀው ከመኪና ላይ ኪሎ ሲቀንስ ነው፤ መኪና ስትቀል ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ሞተሩም ያርፋሉና። እኔም የኋላውን ወንበር ነቀልኩ። ምንጣፉን፣ ቴፑን፣ ክሪኩን፣ ስኮርታውን አወረድኩ። ምንጣፉን ውሻው ወረሰው። ወንበሩን እናቴ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ቡና ማፍያ አደረገችው፤ «ከዚህ ሁሉ ሥራህ የገባኝ ይሄ ብቻ ነው» አለች።

ሁለተኛው ሕግ፣ መኪና ብትገለበጥ ሾፌሩን የሚያድን የብረት ጎጆ ነው። ውጭ አገር ለዚህ ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይገዛል። እኔ ወደ ሰፈራችን ብየዳ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በአልጋና በግቢ በር የታወቀ ነው። ሥዕሉን አዙሮ አዙሮ አየና «ባለ ሜትር ከሃያ ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ከውሃ ቱቦ የተሠራ፣ እግር ብቻ የጎደለው አልጋ ጣሪያዬ ሥር ተበይዷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ የግቢ በር ጦር ተተክሎበታል። «ለውበት ነው» አለ። ጦሩን በልመና አስነቀልኩ። ብገለበጥ ጎጆው ከእኔ ቀድሞ እንደሚታጠፍ ስለገባኝ፣ ላለመገለበጥ ወሰንኩ። ሾፌሩን ከወንበሩ ጋር የሚያስረውን ባለ አምስት ማሰሪያ ቀበቶ ግን ኮርቻ ሠሪ ዘንድ አሰፋሁት፤ እሱ ምንም አይወጣለትም።

ከዚያ ጋራዥ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፤ ጣሊያን ሲወጣ መዝገበ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቶ የሄደ ይመስላል። መካኒኩ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሹማኸር» ነው የሚለኝ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ ነቀለ። እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል።

«ሹማኸር፣ አንተ ብረት ታወጣለህ፤ አየሩን ማን ይመልስልሃል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ቤንዚኑ ሳይቀንስ አየሩ ስለሚቀንስ ጥላሸት ያገሳል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር በጠባብ ቀየረልኝ፤ ጥላሸቱ ቀነሰ፣ ጉልበቱ ግን ከየት ይምጣ? ስትሠራ ስድሳ ገደማ ፈረስ ከነበራት፣ እኛ ዘንድ የደረሱት አርባ አምስት ናቸው። አሥራ አምስቱ ወይ አዳማ ወይ ዴራ ላይ ወርደው ቀርተዋል። አጠገባችን ጋሪውን ያቆመ ሰው ይህን ሲሰማ ፈረሱን መታ መታ አድርጎ፣ «የኔ አንድ ነው፤ ግን ሙሉ ነው» አለ።

የሚያናድደው፣ ይኸው አየር ለሰው መድኃኒት መሆኑ ነው። ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ደሙ ውስጥ ቀይ ሴል ይበዛል፤ ደራርቱም ቀነኒሳም በዚህ አየር ነው ያደጉት። ፒስተን ግን አርሲ ሠላሳ ዓመት ቢኖርም አይለምድም።

እሑድ ማለዳ በሳጉሬ አድርጌ ወደ በቆጂ ወጣሁ። ለውድድር አይደለም፤ መንገዱ የአህያውም የጋሪውም ነው፣ ለሙከራ ነው። ዳገቱ ሲጠና ፍጥነት መለኪያው 20 ላይ ቆመ። በቃ፣ 20። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ነበር። በልጅነቱ ደብተር እያቀፈ፣ ለትምህርት አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ አሥር ኪሎ ሜትር የተመለሰ ሰው ነው። እኔ ወንበር ሳይቀር ጥዬ ነው የተቀደምኩት።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አሰላ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ወደ በቆጂ ሲወጡ ከዚያም በታች። ባቄላችን ቶሎ የማይበስለው፣ ክዳኑ ያረጀ ራዲያተር ደግሞ ቶሎ የሚንተከተከው ለዚህ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበርድ ስጠብቅ ልምምድ ላይ ያሉ ልጃገረዶች አልፈውኝ ወጡ። ሲመለሱም እዚያው አገኙኝ። አንዷ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነች?»

«ትንፋሽ አጠራት።»

«አይዟት፣ ልምምዱን አታቋርጥ» ብላኝ ሮጠች።

በሳምንቱ አጎቴ መጣ። ራሱን አልያዘም። በኋላ በኩል አንገቱን አስገብቶ ወንበሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ በክንዱ ለካ። «ሁለት ኩንታል ይይዛል» አለ። ማንም ምንም ሳይለኝ ገብሱ ተጫነ። ቀጥሎ በግ መጣ፤ እግሩ ከአልጋው ቱቦ ጋር ታሰረ፣ አላርፍ ሲል አጎቴ ባለ አምስት ማሰሪያውን ቀበቶ አጠለቀለት። መካኒኩ በር ላይ ሲያየን፣ «አሁን ገና ሚዛኗ መጣ፤ የኋላ ጎማዋ መሬት ያዘ» አለ። እውነቱን ነው፣ ኩርባ ላይ ቂጧን መወርወር ተወች። በጉ ደግሞ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ይቃወማል።

ገበያ ደርሰን ስንመለስ እናቴ በረንዳዋ ላይ፣ የኋላ ወንበሬ ላይ ተደላድላ ሁለተኛውን እየጠጣች ነበር።

«ስንት ዞርክ?» አለችኝ።

«አንድ።»