ስለ «ዘ» ጠባይ፣ አዋዋልና አድራሻ የተደረገ ጥናት

በእንግሊዝኛ ከ«ዘ» ይበልጥ የሚደጋገም ቃል የለም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ከታተሙ ጽሑፎች አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ተለቅመው በብራውን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሲቆጠሩ፣ ከመቶው ሰባት ያህሉ እሷው ሆና ተገኝታለች። ይህን ያህል የሚመላለስ እንግዳ ጠባዩ ሊታወቅ ይገባል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የሚማረው የአገራችን ተማሪ ግን፣ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ተሰጥቶት «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ» ወይም «ምንም» ከሚሉት አንዱን ምረጥ ሲባል፣ እውቀቱን ትቶ ወደ ዕድሉ ይዞራል። ይህ ጥናት የተካሄደው በተለይ ያንን «ምንም» የሚለውን ምርጫ ለማብራራት ነው።

እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ወግ የጥናቱን ወሰን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ጥናቱ አርቲክል ከሚባሉት ቃላት «ኤ»ንና «አን»ን አይመለከትም፤ እነሱ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ናሙናው የተወሰደው ከግድግዳ ካርታ፣ ከሆስፒታል፣ ከወህኒ ቤትና ከጸጥታው ምክር ቤት ነው። የሰዋስው መጻሕፍት የሚሰጡት ደንብ አጭር ነው፦ ሰሚው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ነገር «ዘ» ይቀድመዋል፣ የማያውቀው አይቀድመውም። ደንቡ ትክክል ነው። ችግሩ ከደንቡ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ነው።

ከውሃ እንጀምር። በእንግሊዝኛ ወንዝ «ዘ» አለው፣ ሐይቅ የለውም። በዚህ መሠረት ግልገል አባይ ከሰከላ ሲነሣ «ዘ»ውን ይዞ ይነሣል። ጣና ሲገባ ሐይቅ ሆኗልና ይነጠቃል። ባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራን አልፎ ሲወጣ ይመለስለታል፤ «ዘ ብሉ ናይል» ተብሎ ካርቱም ይወርዳል፣ ከነጩ ጋር ይቀላቀላል፣ ግብፅን ያጠጣል፣ ሜዲትራኒያን ሲደርስም ባሕር በ«ዘ» የሚጠራ ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም። በመንገዱ ሁሉ ውሃው ያው ውሃ ነው። የአዋሽ ዕጣ ከዚህ የከፋ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ቆቃ ላይ ግድብ ቢያቆመውም «ዘ»ውን ሳይለቅ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና፣ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ስሙንም አርቲክሉንም እዚያው ትቶ ይቀራል። ባሕር አይቶ አያውቅም።

ተራሮች ዘንድ ስንሄድ ነገሩ ማኅበራዊ ይሆናል። ራስ ደጀን ብቻውን ሲቆም «ዘ» አያገኝም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ የሰሜን ተራሮች ሲባል ያገኛል። ኤቨረስትን 8,849 ሜትሩ አልጠቀመውም፣ ሂማላያ ግን በጅምላ ተሰጥቶታል። ሐይቆችም ቢሆኑ በነጠላ የተነፈጉትን፣ ተሰብስበው ታላላቆቹ ሐይቆች ሲሆኑ ይፈቀድላቸዋል። አሠራሩ የእድር ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው ለአባል እንጂ ለብቸኛ አይደለም። ወንዝ ብቻውን እየሄደ በምን ሕግ አባል እንደሆነ ግን በመተዳደሪያ ደንቡ አልተገለጸም።

አገሮች በመሠረቱ ያለ «ዘ» ይኖራሉ። ኢትዮጵያ በቅኝ እንዳልተገዛች ሁሉ በአርቲክልም አልተገዛችም የሚል ጽንሰ ሐሳብ ለማቅረብ ተዘጋጅተን ነበር፤ ኬንያም አርቲክል የሌላት መሆኗ ስለተደረሰበት ሐሳቡን በአክብሮት ትተነዋል። ደግሞም ሙሉ የማዕረግ ስማችንን ለብሰን ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ስንባል እኛም «ዘ»ን ከፊት እናስቀድማለን። ቃሏን አጥብቃ የያዘች አገር ጋምቢያ ናት። በ1964 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ሚኒስትሯ ጽሕፈት ቤት ለብሪታንያ የቦታ ስሞች ኮሚቴ ደብዳቤ ጽፎ «ዘ»ዋ እንዳትነካ አሳስቧል። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በዚያው ዓመት ነጻ ከምትወጣው ዛምቢያ ጋር እንዳትምታታ ነው። ዩክሬን በተቃራኒው በ1991 ነጻነቷን ስታውጅ «ዘ»ዋ ትነሣልኝ አለች፤ የአንድ ትልቅ አገር ክፍለ ሀገር ታስመስለኛለች በሚል። በዩክሬንኛ አርቲክል የሚባል ነገር የለም። አገሪቱ የተሟገተችው በቤቷ የሌለ ዕቃ በሰው ቤት ተለጥፎባት ስለተገኘ ነው።

ከተሞች ጨዋዎች ናቸው፤ ከታወቁት መካከል በ«ዘ» የምትጠራ ሄግ ናት፣ እሷም ዳኞቹን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሂልተንና ሸራተን «ዘ» ይገባቸዋል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ቦሌ አየር ማረፊያ አይገባቸውም። ከዚህ ተነሥቶ ቃሏ ኮከብ ትቆጥራለች ማለት የሚቻል አይመስለንም።

እስካሁን ያነሣናቸው ቀላሎቹ ናቸው። «ዘ» ባለመኖሯ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያከራከረ ሰነድም አለ። ከስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ የጸጥታው ምክር ቤት ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 242 የእስራኤል ጦር በግጭቱ ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ይላል። በእንግሊዝኛው ቅጂ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» የለችም። እስራኤል «ዘ» ስለሌለች ከሁሉም ማለት አይደለም አለች። አረቦቹ የፈረንሳይኛውን ቅጂ ገለጡ፤ እዚያ አርቲክሉ አለ፣ ስለዚህ ከሁሉም ማለት ነው አሉ። ዲፕሎማቶች በረቂቁ ላይ ብዙ ከለፉ በኋላ ነው ይህች ቃል የቀረችው፤ በእርሳስ ስሕተት የወደቀች አይደለችም። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ስለነበረች፣ ውሳኔው በአሥራ አምስቱም ድምፅ ሲያልፍ የእኛም እጅ ወጥቷል። በድርሰቱ ላይ አርቲክል ጎድሏል ተብሎ ነጥብ የተቀነሰበት ተማሪ ይህን ተሞክሮ ለመምህሩ ቢያቀርብ የሚያስከፋ አይሆንም።

ከካርታ ወደ ኑሮ ስንመለስ፣ «ዘ» ሰውየው ወደዚያ ቤት ምን ሊሠራ እንደገባ ትመረምራለች። ታሞ የተኛ እንግሊዛዊ ሆስፒታል የሚገኘው ያለ «ዘ» ነው፤ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው የመጣ ወዳጁ ግን ከነ«ዘ»ው ይገባል። እስረኛ ያለ «ዘ» ይታሰራል፤ ስንቅ የምታቀብለው እናቱ በ«ዘ» ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ የሚሄድ ያለ «ዘ»፣ ቆርቆሮውን ሊጠግን የተጠራ ሠራተኛ በ«ዘ»። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ያማረ ነበር፦ ቤቱ የተሠራለት ሰው አርቲክል አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ለሌላ ጉዳይ ብቅ ላለው ነው። ድምዳሜው የሚቆየው አትላንቲክን እስክንሻገር ነው። አሜሪካኖች በሽተኛውንም ጠያቂውንም እኩል በ«ዘ» ሆስፒታል ያስገባሉ። ለንደን ያለች እህትና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም ስለ አንዲት አክስታቸው መታመም በእንግሊዝኛ ቢጻጻፉ፣ እህት አክስቷን አስተኝታ ሳለ ወንድም አክስቱን በር ላይ ያቆማት ሊመስል ይችላል። መስጊድ፣ ባንክና ሲኒማ ቤት ደግሞ ለሰጋጁም፣ ለባለሒሳቡም፣ ለተመልካቹም ሳይለዩ «ዘ»ን ያስቀድማሉ። ለምን ተብለው የተጠየቁበት ጊዜ ያለ አይመስለንም።

በሽታና ሰዓት ብዙ አያቆዩንም። ጉንፋን በ«ኤ» ይይዛል፣ ፍሉ በ«ዘ»፣ ወባ በምንም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ «ዘ» አላቸው፤ ሌሊት የለውም፣ ምናልባት በጨለማ ስለማትታይ ይሆናል። ፀሐይና ጨረቃ አላቸው፣ ማርስና ቬኑስ የላቸውም። ክራር የሚደረድር «ዘ»ን ጨምሮ ይደረድራል፤ እግር ኳስ የሚጫወት ያለ እሷ ይጫወታል፣ ውጤቱም የታወቀ ነው።

በዚህ የጥናት መስክ ከእኛ የቀደመው ትልቁ ሊቅ ቤርትራንድ ራስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአሁኑ የፈረንሳይ ንጉሥ ራሰ በራ ናቸው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ተነሣ። ፈረንሳይ ያኔ ሪፐብሊክ ነበረች። ራስል «ዘ» አንድና አንድ ብቻ እንዲህ ያለ ሰው አለ ብላ ስለምትመሰክር ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው ብሎ ፈረደ። በ1950 ፈላስፋው ስትሮውሰን ተነሥቶ እውነትም ሐሰትም ሊባል አይችልም ሲል ይግባኝ አለ። ንጉሡ በሁለቱም ችሎት አልቀረቡም። ራስል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦርነቱን ተቃውሞ በጻፈው ነገር ስድስት ወር ተፈርዶበት፣ በ1918 ለንደን ውስጥ ብሪክስተን ወህኒ ቤት ሲገባ የሒሳብ ፍልስፍና መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ለ«ዘ» ሰጥቷል፤ አንዱን ለነጠላዋ፣ አንዱን ለብዙዋ። በእንግሊዝኛ ሰዋስው መሠረት ራስል ያኔ የታሰረው ያለ «ዘ» መሆኑን ልብ ይሏል።

የትውልድ ሐረጓንም መጥቀስ ግዴታችን ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለወንድ፣ ለሴትና ለግዑዝ የተለያዩ ቅርጾች ነበሩ፣ እንደ ሙያቸውም ይለዋወጡ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሁሉም ተጨፍልቀው አንዷ ብቻ ቀረች። የመጀመሪያው ድምፅ የሚጻፍበት «ቶርን» የሚባል ፊደል ነበረ፤ አታሚዎች ከአውሮፓ ባስመጡት የብረት ፊደል ውስጥ እሱ ስላልነበረ፣ መልኩ የሚቀርበውን «ዋይ»ን ተኩት። ዛሬ በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ሰሌዳ ላይ «ዬ ኦልድ» ተብሎ የሚነበበው ከዚያ የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ንቁ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከወንበሩ ይነሣል። የግዕዙ «ዘ» በአማርኛ «የ» ሆኗል፤ የእንግሊዙ «ዘ» በሰሌዳ ላይ «ዬ» ሆኗል። ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የመንግሥት ጋዜጣም በእነሱ ሥርዓት ከአናባቢ በፊት «ዚ» መባል ሲገባው እኛ «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» ብለን፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ በምንልበት አፍ እንጠራዋለን። ቃሉ ከእኛ ሄዷል የሚል መጽሐፍ ለመጻፍ ከዚህ ያነሰ ማስረጃ የበቃበት ጊዜ አለ። ይሁንና የግዕዙ «ዘ» የሚያዛምድ እንጂ የታወቀውን ካልታወቀው የሚለይ አይደለም፤ ግዕዝም እንዲህ ያለ አርቲክል የለውም። ሐሳቡን እያዘንን ትተነዋል።

በሰው ቋንቋ ለመሳቅ እኛም ንጹሐን አይደለንም። አማርኛ፣ የሰዋስው ምሁራን እሙርነት የሚሉትን ምልክት ከቃሉ ጭራ ላይ ይሰቅላል፤ ትግርኛ «እቲ» ብሎ ከፊት ያስቀድማል። «ቤቱ ተሸጠ» ሲባል የምናውቀው ቤት ይሁን የሰውየው ቤት ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም፤ ገዢውና ወራሹ ተካስሰው ቢያውቁት ነው። አንዱ መኪና ጠዋት «መኪናው» ሆኖ ውሎ፣ ታጥቦ ሲመጣ «መኪናዋ» ይሆናል። ነገር ግን ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰውዬው» ሲል፣ ማንኛው ሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ቢኖር ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ በዚያው ይታወቃል፣ ወሬውም ይቋረጣል። የ«ዘ» ሥራ በሙሉ ይኸው ነው። የምትነግረን ስለ ነገሩ ሳይሆን ተናጋሪና ሰሚ አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው፤ ስለዚህ የት እንደምትገባ የሚጠይቅ ሰው፣ በመጠየቁ ብቻ ያልተጋበዘ መሆኑን አሳውቋል። «ሰውዬው» ማን እንደሆነ ለማወቅ አዲስ አበባ ጥቂት መክረም ይበቃል። ወንዝ ሁሉ ታውቆ ሐይቅ ሁሉ የቀረበትን ምክንያት ለማወቅ ግን እንግሊዝ አገር መወለድ ሳያስፈልግ አይቀርም፤ እዚያ የተወለዱትም ሲጠየቁ «እንደዚያ ስለሚባል ነው» ብለው ይመልሳሉ።

የመፍትሔ ሐሳቦችን ሳያስቀምጥ የሚዘጋ ጥናት አይጸድቅም። የተጠራጠረ ጸሐፊ ስሙን ብዙ ቁጥር አድርጎ በጥቅሉ ቢናገር፣ ወይም «የእኔ» እና «ይህ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ቢያስቀድም፣ «ዘ» በዚያ በር አትመጣበትም። ተማሪ ወንዝ ሲያይ ይጨምራት፣ ሐይቅ ሲያይ ይተዋት፤ ምክንያት አይጠይቅ። ፈተና አውጪዎች ደግሞ የሆስፒታሉን ጥያቄ ከማውጣታቸው በፊት በሽተኛው በየትኛው አገር እንደተኛ ቢገልጹልን እናመሰግናለን።

የቀረው የሕግ ጉዳይ ነው። በስሙ መጀመሪያ ላይ «ዘ» እንድትጠራለት አጥብቆ የሚሻው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ቃሏን ብቻዋን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ በጁን 2022 ተፈቅዶለታል። መብቱ የሚያጠቃልለው በስፖርትና በኮሌጅ ገበያ የሚሸጡ ቲሸርቶችንና ባርኔጣዎችን ነው። ድርሰት፣ የሥራ ማመልከቻና የፈተና ወረቀት አልተካተቱም፤ አንባቢ በእነዚህ ላይ «ዘ»ን ያለ ክፍያ፣ በፈለገው ቦታ ማስገባት ይችላል።