ምን አረረ?

ሲጋራ ያቆምኩበትን ዕለት ብዙ ሰው ያውቀዋል። ባለቤቴ ታውቀዋለች፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ያውቁታል፤ እናቴማ የምሥራቹን የሰማች ጊዜ ለማርያም የተሳለችውን ጃንጥላ አስገብታለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያቆምኩት ማጨስ ሳይሆን መሽተት ነበር። ይህ እንዲገባችሁ የቀድሞ ኑሮዬን ልንገራችሁ። ከሥራ ስወጣ ጋራዥ አጥር ሥር ተጠግቼ አንዲት ፍሬ ኒያላ በሁለት የባሕር ዛፍ ጭራሮ መሐል ሰክቼ እስባለሁ፣ ጣቴ እንዳይሸት። ከዚያ ማስቲካ፤ በማስቲካው ላይ ጥቂት የቡና ፍሬ፤ እጄን በሎሚ አሽቼ፣ ጃኬቴን አውልቄ አራግፌ ወደ ቤት። ይህን የሚያደርገው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠራ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት የመምሪያ ኃላፊ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ስትቀበለኝ ጉንጬን ስማ ትንሽ ቆየት ትላለች። ስንት ዘመን ፍቅር መስሎኝ ስደሰት የኖርኩት፣ ለካ ፍተሻ ኖሯል።

ለሥልጠና ቶኪዮ በሄድኩ ጊዜ አንድ አብሮኝ የሚሠለጥን ኬንያዊ ስለሚሞቀው ትምባሆ ነገረኝ። እሳት የለውም፣ አመድ የለውም፣ ለሳንባም ይሻላል ይላሉ እያለ ብዙ አወራ። እኔ የሰማሁት «ሽታው እዚህ ግባ አይባልም» ያለውን ብቻ ነው። ለዚያች ዓረፍተ ነገር ስል የአበሌን ግማሽ ለማውጣት ወሰንኩ።

ጃፓን ደግሞ የነገሩ አገር ቤት ናት። ፊሊፕ ሞሪስ አይኮስ የተባለውን ማሞቂያ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ናጎያ ላይ ሞከረው። በ2016 ጃፓን ቶባኮ ፕሉምን በፉኩኦካ፣ ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ደግሞ ግሎን በሴንዳይ ይዘው ብቅ አሉ። ዛሬ እዚያ ከሚሸጠው ትምባሆ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጠው የሚሞቀው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቅጠሉ ተፈጭቶ እንደ ወረቀት ይዳመጣል፤ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ ከዚያ በአጭር ሲጋራ መልክ ይጠቀለላል። ተራ ሲጋራ ስትስቡት ጫፉ ላይ ከ600 ዲግሪ በላይ ይነድዳል፤ ማሞቂያው ግን 350 አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አይነድድም፣ ይተናል። ኒኮቲኑ እንደሆነ የትም አልሄደም። እኔንም ቢሆን ቦሌ ድረስ ሸኝቶ ጃፓን የተቀበለኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከኒያላ ልለያይ ነው ብዬ እየተኩራራሁ የፕሉምን ሳጥን ሳገላብጥ አንድ የሥልጠና ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ኒያላን ከሚሠራው ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅታችን በ2016 በ510 ሚሊዮን ዶላር 40 በመቶውን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አብላጫውን ድርሻ የገዛው ያው የጃፓኑ ኩባንያ ነው። ከአንድ ጌታ ሸሽቼ ወደዚያው ጌታ ሌላኛው ደጅ ልገባ ነበር። ሳጥኑን መለስኩና ሌላ ገዛሁ። የየትኛውን እንደሆነ አልናገርም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥፋት የእኔ እንጂ የሠሪው አይደለምና።

የመጀመሪያው ጥፋት ስስት ነው። ዋጋው ተቆርጦ መደርደሪያው ጥግ ላይ የቀረ የድሮ ሞዴል አገኘሁ። የድሮው በመሐሉ ምላጭ የመሰለ ማሞቂያ አለው፤ ትምባሆው እሱ ላይ ይሰካል። አዲሱ ምላጭ የለውም፤ በትምባሆው ውስጥ የተቀበረች ብረት በማግኔት ኃይል ትሞቃለች። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ይህን ሻጭዋ በእጇ፣ በሥዕልና በስልኳ ተርጓሚ ሳይቀር አስረድታኛለች። እኔም የገባው ሰው እንደሚያደርገው አንገቴን ደጋግሜ ነቀነቅኩ።

ማታ ከሆቴሌ አጠገብ ካለች ሌሊቱን ሙሉ የማትዘጋ ሱቅ ገባሁ። እዚያ ትምባሆው ከሻጩ ጀርባ በቁጥር ተደርድሯል፤ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ማሳየት ነው። እኔ ቁጥር የመረጥኩት በፓኮው ቀለም ነው፤ ወይን ጠጁ ደስ አለኝ። ሻጩ ወደ አንድ ስክሪን አመለከተኝ። ዕድሜዬ ከ20 በላይ መሆኑን በጣቴ ነክቼ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሽበቴን እያየ፣ ፈገግ ሳይል ጠበቀኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጋራ ስገዛ «አባቴ ልኮኝ ነው» ሳልል የገዛሁበት የመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ።

ክፍሌ ገብቼ ስሰካው እንቢ አለ። የገዛሁት ባለ ብረቱን፣ የአዲሱን ኖሯል። ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ገፋሁት፤ ሲቆም አሽከረከርኩት፤ ምላጩ ቀጭ አለና ውስጡ ቀረ። በማግሥቱ አዲሱን ሞዴል በሙሉ ዋጋ ገዛሁ። ያቺው ሻጭ ነበረች። ምንም አላለችም፤ ሥዕሉን እንደገና አወጣችልኝ እንጂ።

ሁለተኛው ጥፋት ትዕቢት ነው፤ ይህኛው ከስስቱ ይከፋል። በጃፓን ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ቤት ውስጥ ተራ ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ማጨሻ ብቻ ነው፤ ምግብ አይቀርብበትም። ለሚሞቀው ግን ቡናችሁን እየጠጣችሁ የምትስቡበት የተለየ ክፍል ይፈቀዳል። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለቱ ክፍሎች በመስታወት ተለይተው ጎን ለጎን ነበሩ። እኔ ወዲህ፣ ወንበር ላይ፣ ኬክ ከፊቴ። እነሱ ወዲያ፣ ቆመው፣ ጭሱ ውስጥ። የትናንት ወንድሞቼን እንዴት ባለ ርኅራኄ እንዳየኋቸው! አንዱ ሲያስል ጭንቅላቴን ሁሉ ነቀነቅኩ። ስለ ጤና የሚመክር ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ እሱን ፊት ለበስኩ።

መሣሪያው ሌሊቱን ቻርጅ አልተደረገም ነበርና ሁለተኛው ፍሬ ላይ ጠፋ። ጥቂት ተቁነጠነጥኩ። ከዚያ ከቦርሳዬ ሥር ለክፉ ቀን ያልኩትን ኒያላ አወጣሁና በሩን ከፍቼ ወደዚያኛው ክፍል ገባሁ። ያ የሚያስለው ሰውዬ ላይተሩን አቀበለኝ። በመስታወቱ ማዶ ኬኬ ብቻዋን ቀርታ ታየኛለች።

ከዚያ ወዲያ ይህ ልማድ ሆነ። መሣሪያው እስኪሞላ ኒያላ፣ ኒያላው ሲያልቅ መሣሪያው። በፊት አንድ ሱስ ነበረኝ፤ አሁን አንዱ ሲያርፍ ሌላው የሚተካው ባለ ፈረቃ ሆንኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ግን አቁሜያለሁ አልኩ። ጃንጥላው የገባውም ያኔ ነው። ለሚያምኑኝ ጓደኞቼ ብቻ መሣሪያውን እያሳየሁ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጁላይ 2020 ያለውን እጠቅስላቸዋለሁ፦ ወደ አይኮስ ሙሉ ለሙሉ የተሻገረ ሰው ለጎጂ ኬሚካሎች ያለው ተጋላጭነት ይቀንሳል ተብሎ እንዲነገር ፈቅዷል። ይህ እውነት ነው። «ሙሉ ለሙሉ የተሻገረ» የምትለዋን ግን ቶሎ ብዬ አልፋታለሁ። ያው መሥሪያ ቤት በዚያው ውሳኔ የበሽታ አደጋን ይቀንሳል ብሎ ማስተዋወቅን እንዳልፈቀደም አላነሣም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ስምምነት አባል አገሮችም በ2018 ይህ ነገር ትምባሆ ነው፣ በትምባሆ ሕግ ይተዳደር ብለው ወስነዋል። እሱንም አላነሣም። ለሽምግልና ስቀመጥ ግማሽ የሚናገር ሰው እንዴት እንደምቆጣ ብታዩኝ!

ሦስተኛውን ጥፋት ለመናገር ትንሽ ያሳፍረኛል። አለቃዬ ለስብሰባ ወደ ሲንጋፖር ሂድ አለኝ። አበሉ ጥሩ ነው፤ ከተማዋን የማየት ምኞትም ነበረኝ። የጉዞ ወረቀቱን ሳገላብጥ ሲንጋፖር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ መሸጥ ብቻ ሳይሆን መያዝንም እንደምትቀጣ አነበብኩ። ሆንግ ኮንግ ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ማስገባትና መሸጥ ከልክላለች። ህንድ በ2019 ዘግታለች። እኔ የማውቀው ዓለም ቪዛ የሚጠይቅና የማይጠይቅ ተብሎ ሲከፈል ነበር፤ አሁን ማሞቂያዬን የሚቀበልና የማይቀበል ሆነ። መሣሪያውን ቤት ትቶ መሄድ የሚባል ነገር እንዳለ ልብ በሉ። እኔ ልብ አላልኩም። ለአለቃዬ ጥርሴን ክፉኛ አሞኛል አልኩት። አንድ ልጅ እግር ባልደረባዬ ሄደ፤ ስብሰባው ላይ ጥሩ ተናግሮ ተመሰገነ፤ አሁን ቢሮው ከእኔ ቢሮ በላይ ነው፤ በደረጃም በፎቅም። አልፎ አልፎ ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ጥርስዎ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

በአገር ውስጥ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መሣሪያንና ሺሻን፣ ጣዕም የተጨመረበትንም ትምባሆ ይከለክላል። የእኔ ማሞቂያ ፈሳሽ ሳይሆን ቅጠል ነው የሚጠቀመው፤ ስለዚህ አይመለከተኝም እያልኩ በልቤ ችሎት ብዙ ተከራከርኩ። ክርክሩ ጥሩ ይዞልኝ ነበር፣ የገዛሁት ሁሉ የናና ጣዕም ያለው መሆኑ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።

ትምባሆው ሲያልቅብኝ ዱባይ ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እዚያ ከ2019 ጀምሮ በሕግ ይሸጣል። ይህች ልጅ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ወደ አገር ስትመጣ እያንዳንዷን ኪሎ ለእናቷ፣ ለወንድሞቿ፣ ለጎረቤት ልጆች አስልታ የምትሸክም ናት። እኔ ከዚያ ኪሎ ላይ አንድ እስቴካ ጠየቅኋት። ምንድን ነው ስትለኝ የጆሮ ማዳመጫ ማጽጃ ነው አልኳት። በራሷ ገንዘብ ገዛችው። ቦሌ ላይ ሻንጣዋ ቢፈተሽ ምን እንደምትል አላሰብኩም፤ አስቤም ቢሆን እንግዲህ እሷ ትናገራለች ብዬ ነው። ቤቷ ሄጄ ስቀበላት እናቷ ፊት በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ማጽጃው ላይ ትምባሆ የሚል ተጽፎበታል» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «አዎ፣ እዚያ አገር ሁሉም ላይ ይጽፋሉ» አልኳት። ሂሳቡን ልክፈልሽ ስላት «ይሁን ጋሼ፣ ስጦታ ነው» አለች። ተቀበልኩ።

ሽታውስ? ያ ሁሉ የተከፈለበት ሽታ? በእርግጥ እንደ ሲጋራ አይሸትም። የሚሸተው ድስት ውስጥ ተረስቶ ውኃው እንዳለቀ ንፍሮ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ የራስ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። አንድ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ሳሞቅ ባለቤቴ ከሳሎን፣ «ምን አረረ?» አለች።

ወጣሁ። ወጥ ቤት ገብታ ምድጃውን ታያለች። አብሬያት ገባሁ። ድስት ከፈትኩ፣ ገጠምኩ። «እኔም ሸቶኛል» አልኩ። በማግሥቱም ሸተተ፤ በሦስተኛውም። ምድጃው ነፃ ከወጣ በኋላ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ቤቱ ውስጥ ለውስጥ እየተቃጠለ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች፤ ሌሊት እየተነሣች ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስሳለች። እኔም ተነሥቼ አብሬያት እዳስሳለሁ። እንዲህ አብረን አንድ ነገር ከሠራን ቆይተን ነበር።

በመጨረሻ ቅዳሜ ኤሌክትሪሺያን መጣ። ሰውየው ከጠዋት እስከ ምሳ ማከፋፈያውን ፈታ፣ ሶኬቶቹን ነቀለ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ቡና አፈላችለት፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩለት። ከምሳ በኋላ ከመታጠቢያ ቤቱ ሶኬት ጀርባ አንዲት አጭር ሽቦ መዝዞ አወጣና ወደ ብርሃን ያዛት። ሽቦዋ እንደ አዲስ ታበራለች።

«ይኸውልዎ» አለኝ፣ «ውስጥ ለውስጥ አርራለች።»

አየኋት፤ አየኝ። ባለቤቴ ደረቷን ይዛ «ተመስገን!» አለች።

«በጣም አርራለች» አልኩና፣ የጠየቀኝን ሳልከራከር ከፈልኩት።