የፊልም ጥያቄና የወረርሽኝ ወሬ ማስተዳደሪያ አዋጅ

ሞዓ ተከራካሪ ዘእምነገደ ቴሌግራም፣ ሥዩመ አድሚን፣ ዐቃቤ ነጥብ

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ድምፅ ያጠፋህ ክፈት!

በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በናታንያ፣ በሪያድና ባለቤቱ ሊነግረን ባልፈቀደው ሥፍራ ለምትገኙ፤ በአካል ተያይታችሁ ለማታውቁ፣ ነገር ግን ማን የትኛውን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየ አብጠርጥራችሁ ለምታውቁ የግሩፓችን አባላት በሙሉ፦

ግሩፓችን የተቋቋመው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማለትም አዲስ አበባ እራት በልታ ዋሽንግተን ከምሳ ስትነሣ፣ የፊልም ጥያቄ እየተጠያየቅን እንድንዝናና ብቻ በመሆኑ፤

የመጀመሪያው የአገራችን የረጅም ታሪክ ፊልም የትኛው ነው ሲባል ‹‹ሒሩት አባቷ ማነው?›› ያለ አባል፣ 1957 ዓ.ም. ብሎ ካልጨመረ ግማሽ ነጥብ ብቻ እንደሚሰጠው፤ ‹‹ጤዛ››ን ማን ሠራው ሲባል ‹‹ኃይሌ›› ብሎ ያቆመም ‹‹የትኛው? ሯጩ?›› ተብሎ ገሪማ እስኪል እንደሚፋጠጥ የታወቀ በመሆኑ፤

ይሁን እንጂ ይኸው ‹‹ዓመተ ምሕረቱን ካላመጣህ ሞቼ እገኛለሁ›› የሚል አባል፣ ‹‹እኔ ዶክተር ነኝ፣ ስሜን መግለጽ አልፈልግም›› የሚል የድምፅ መልእክት ሲደርሰው፣ ዓመቱ ቀርቶ የሰውዬውን ሆስፒታል እንኳ ሳይጠይቅ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሚያዳርስ ሆኖ በመገኘቱ፤

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረበት በዚያው ወር የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቢወጣም፣ አዋጁ በማኅበራዊ ሚዲያ ቅጣቱን የሚያከብደው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ላይ ስለሆነ፣ እኛ ደግሞ ሲም ካርዳቸው የጠፋባቸውን ሁሉ ቆጥረን እንኳ ወደዚያ ቁጥር ስለማንጠጋ፣ ክፍተቱን መሙላት በማስፈለጉ፤

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ዕለት ቢሆንም፣ በግሩፓችን ግን በወሬው የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ ከዱር ያልወጡ በመሆናቸው፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. ይህ አዋጅ ከላይ በተጻፈው ስሙ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አይከፋንም፤ ይነበብ እንጂ።

2. የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ ‹‹ምንጭ›› ማለት ስም፣ መሥሪያ ቤትና ቀን ያለው ማስረጃ ነው። የአጎቴ ልጅ የሚሠራበት ሕንፃ ሥር ያለ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ምንም ጨዋ ልጅ ብትሆን ምንጭ አይደለችም። ‹‹ጥናት›› ማለት ሌሊት ተኝቶ የታየ ቪዲዮ አይደለም። ‹‹እንደ ደረሰኝ ነው ያስተላለፍኩት›› የሚለው መከላከያ በዚህ ግሩፕ ተቀባይነት የለውም።

ክፍል ሁለት፦ ፊልም ምስክር ስላለመሆኑ

3. ማንኛውም አባል ፊልምን የሕክምና ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይችልም። ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለታሪክ እንዲቀመጥ ግን በዝርዝር እንጽፈዋለን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ‹‹አይ አም ሌጀንድ›› የሚባለው ፊልም የክትባት ማስረጃ ሆኖ በዓለም ዞረ። ዊል ስሚዝ ሰው በሌለባት ኒው ዮርክ ከውሻው ጋር የሚንከራተትበት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ፊልም ነው። ‹‹ሰዉን ዞምቢ ያደረገው ክትባቱ ነው፤ አስቀድመው ነግረውን ነበር›› ተባለ። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በጥያቄው ሰዓት መሀል ነው። ያመጡት ደግሞ በነጥብ ግሩፑን የሚመሩት፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ጋሼ ናቸው። በዚያ ምሽት የተባለው እንዳለ ቀርቧል፦

— ጋሼ፣ ፊልሙን ጨርሰውታል?

— እንዴታ! እስከ መጨረሻው ነው ያየሁት።

— መጀመሪያውንስ?

— መጀመሪያው ላይ መብራት አልነበረም።

እንግዲህ የፊልሙ መጀመሪያ ላይ ኤማ ቶምሰን ሐኪም ሆና በቴሌቪዥን ትቀርባለች፤ የኩፍኝ ቫይረስ ተለውጦ ለካንሰር መድኃኒትነት መዋሉንም ታበሥራለች። ዓለምን ያጠፋው ይኸው መድኃኒት ነው። ፊልሙ የተነሣበት፣ ሪቻርድ ማቲሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ሰዉን ደም መጣጭ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው። ታሪኩ ከዊል ስሚዝ በፊት በቪንሰንት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በቻርልተን ሄስተን ደግሞ በ1971 ተሠርቷል። (እነዚህን ሁለት ዓመታት ያለ ጉግል ያወቀ ካለ ሁለት ነጥብ ይጠይቀን።) ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ አኪቫ ጎልድስማንም ወሬውን ሲሰማ ተደናግጦ፣ ነገሩ ፊልም እንደሆነና ራሱ እንደፈጠረው በትዊተር ጻፈ። ደራሲው ‹‹ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው›› ሲል ተመልካቹ ‹‹አይደለም፣ ደብቀኸን ነው›› ብሎ የተከራከረበት ዘመን ነው ያለፈው።

አያቶቻችን በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ‹‹ሰይጣን ቤት›› አሉት። ይህን እያነሡ በእነርሱ መሳቅ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። እነርሱ ጨርቅ ላይ የሚሮጥ ሰው አይተው ነው የፈሩት። እኛ የመብራት ክፍያ በስልካችን እየከፈልን ነው ዊል ስሚዝን ለምስክርነት የጠራነው።

4. ‹‹ኮንቴጅን››ን የተመለከተ ልዩ ድንጋጌ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስቲቨን ሶደርበርግ በሠራው በዚህ ፊልም ጁድ ሎው የሚጫወተው ጦማሪ፣ የታመመ መስሎ፣ ፎርሲቲያ የሚባል የዕፅዋት መድኃኒት ወስዶ የዳነ መስሎ፣ አገር ምድሩን ፋርማሲ ያሰልፋል። የዚህ ፊልም ጥያቄ በግሩፓችን ሲቀርብ የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ሌላው ገና ፊደል ሳይነካ የጦማሪውንም፣ የመድኃኒቱንም፣ የዳይሬክተሩንም ስም አከታትላ መለሰች፤ ሙሉ ነጥብ፣ አበባ፣ ጭብጨባ። አበባው ሳይጠወልግ፣ በዚያው ምሽት፣ ይህችው እህታችን ‹‹ፌጦ በሎሚ ጠዋት በባዶ ሆድ፤ በሦስት ቀን ድራሹ ይጠፋል፤ ለምትወዱት አካፍሉ›› የሚል መልእክት አስተላለፈች። ፊልሙን ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በግሩፑ አልነበረም።

ስለዚህ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ በቤታችን እንደተከበሩ ይኖራሉ። ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ የእናትን እጅ ያስታውሳሉ፤ ቫይረሱን ገድለዋል ለሚል ግን ነጥብ አይሰጥም። በባሕር ዛፍ መታጠንም እንዲሁ። ‹‹አረቄ ያጥበዋል›› የሚለውን ግን በጥብቅ ከልክለናል። ኢራን ውስጥ በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና መድኃኒት ነው ተብሎ የተጠጣ ሜታኖል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። እዚህ ላይ ቀልዳችንን እናቆማለን። ወሬ የሚጎዳው የጠጣውን ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ታማሚ ጃፓናዊ ነው በተባለ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የውጭ ዜጋ ባየ ቁጥር ‹‹ኮሮና!›› እያለ የጮኸ ጎረምሳም ያን ቃል ያገኘው እንደኛ ካለ ግሩፕ ነው።

5. ‹‹አውትብሬክ›› በሚባለው ፊልም ላይ በሽታውን ከአፍሪካ ያመጣችው ጦጣ በዘሯ የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካ ናት። ጦጣዋ የየት አገር ሰው እንደሆነች ያላጣራ ሆሊውድ የበሽታ አመጣጥ ክርክር ላይ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ቺፕና ስለ መሳሰሉት

6. በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ግድም እንግሊዝ አገር ‹‹ኮሮናን የሚያሰራጨው ፋይቭ ጂ ነው›› ተብሎ የስልክ ምሰሶዎች ተቃጠሉ። አንድ የአዲስ አበባ አባላችንም ከቤቱ ጀርባ ያለውን የቴሌ ምሰሶ ፎቶ አንሥቶ ‹‹ይኸው፣ እኛም ጋ ገብቷል›› ሲል ለጠፈ። ፎቶው ተጭኖ እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ተጠጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ፋይቭ ጂን በአዲስ አበባ ለሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ፎቶው በግሩፑ መዝገብ ተጠብቆ እንዲቆይ ተወስኗል።

7. ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሳምንት ‹‹ክትባቱ ውስጥ ቢል ጌትስ ሰውን የሚከታተልበት ቺፕ አለ›› የሚለው ወሬ ገባ፤ ጉምሩክ እንኳ አላቆየውም። ናታንያ ያለችው እህታችን አስቀድማ ተወግታ ስለነበር ቃሏን እንድትሰጥ ተጠየቀች። ‹‹ወንድሜ፣ እንኳን ቢል ጌትስ፣ የወለድኳቸው ልጆችም የት እንዳለሁ አይጠይቁኝም›› አለች። ቃሏ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ ልጆቿም ይህን ካነበቡ እንዲደውሉ ታዘዋል።

ክፍል አራት፦ ስለ ክርክር ሥርዓትና ስለ ቅጣት

8. ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የጤና ወሬ በፊልም ጥያቄ ሕግ ይዳኛል። ማን አለ? የት? መቼ? ሦስቱን ያላሟላ ነጥብ አያገኝም። ‹‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› የሚለውን ተረት የሚጠቅስ አባል ጥርጣሬውን ከድምፅ መልእክቱ እንዲጀምር ይገደዳል።

9. በማስረጃ መልስ መቀየር ውሸት አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ጭምብልን ለሁሉም ሰው አልመከረም ነበር፤ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. መመሪያውን ቀይሮ ቫይረሱ በሚሰራጭበትና ሰው ተራርቆ መቆም በማይችልበት ቦታ ሕዝቡ እንዲያደርግ መከረ። ይህን ይዞ ‹‹ዋሽተውናል›› ያለ አባል፣ እርሱ ራሱ ‹‹ላምብ››ን ማን ሠራው ሲባል መጀመሪያ ኃይሌ ገሪማ፣ ቀጥሎ ያሬድ ዘለቀ ብሎ አርሞ ነጥቡን እንደወሰደ ይታወስለት። በሌላ በኩል ግን ባለሥልጣን የተናገረው ሁሉ ጥያቄ አይነሣበትም የሚል አንቀጽ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ማንኛውም አባል የለጠፈውን ሰው ይጠይቃል፣ ምንጭ ያያል፣ ከዚያ ይፈርዳል።

10. ቅጣት። የተሳሳተ ወሬ ያመጣ አባል ነጥብ ይቀነስበታል እንጂ አይባረርም። በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ ስለተጨቃጨቅን ምክንያቱን እንጽፋለን። በፊልም ጥያቄ የተሸነፈ ሰው ‹‹ሃሃ፣ ዘነጋሁት›› ብሎ ማግስቱን ይመጣል። በወሬ የተሸነፈ ግን ግሩፑን ጥሎ ይወጣል፤ የሚወጣውም ስለተሳሳተ ሳይሆን ‹‹መሃይም››፣ ‹‹ኋላ ቀር›› ብለን ከልጆቹ ዕድሜ በታች ባሉ ሰዎች ፊት ስላዋረድነው ነው። አንዱን አባል በ2013 ዓ.ም. አስወጥተነዋል። በሳምንቱ የራሱን ግሩፕ ከፈተ፤ አሁን አባሎቹ ከእኛ ይበልጣሉ፤ የሚያርመውም የለም። እኛ ግን ያን ቀን አሸነፍን ብለን ርችት ስቲከር ስንለጥፍ አመሸን።

ስለሆነም ‹‹አልተማርክም››፣ ‹‹በግ›› እና ‹‹ተነሡ፣ ንቁ!›› የሚሉ ቃላት ከሁለቱም ወገን ታግደዋል። ትልቅ ሰው ሲሳሳት በግል መልእክት፣ ‹‹ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህችን ነገር ቢያዩዋት›› ተብሎ ይነገረዋል። ጋሼም ካዩ በኋላ ‹‹አይቻለሁ›› ብለው በግሩፑ ቢጽፉ፣ የተቀነሰው ነጥባቸው በእጥፍ ይመለስላቸዋል። ይህ የማበረታቻ አንቀጽ ነው፤ እስካሁን የተጠቀመበት የለም።

ክፍል አምስት፦ ልዩ ልዩ

11. ‹‹ለአሥር ሰው ካላካፈልክ›› ብለው የሚጀምሩ መልእክቶች በሙሉ ተሽረዋል። ያላካፈላችሁ ምንም አልደረሰባችሁም፤ ያካፈላችሁም እንዲሁ።

12. ይህ አዋጅ ግሩፑ አናት ላይ ከተሰካበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ስለ ክትባት፣ ስለ ትኩሳትና ስለ ሳል ጥያቄ ያለው አባል አቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ስለ ዊል ስሚዝ ጥያቄ ያለው ግን ማታ በሦስት ሰዓት ይምጣ፤ ሰዓት ይከበር፣ ጉግል ይዘጋ፣ ፊልሙም ከመጀመሪያው ይታይ።