የቅጥሯ ጥድና የውጭው ባሕር ዛፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ሰንዳፋ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ጥድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ትኖር ነበር። ከቅጥሩ ውጭ፣ ግንቡን ታክኮ፣ ነጭ ባሕር ዛፍ በቀለ።

በአምስት ዓመቱ ቁልቁል ያያት ጀመር። ሲያብብ ንቦች እሷን እያለፉ ወደ እሱ ጎረፉ። ጥድ ለንብ የምታቀርበው አበባ የላትም፤ ፍሬ የምትይዘው ነፋስ ከወንዱ ጥድ በሚያመጣላት ዱቄት ነው። ከፋት።

«አንተ መጤ፣ ውሃችንን ጠጥተህ፣ ሣሩን አድርቀህ፣ ደግሞ ታብባለህ? የኔን ዘር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ወጨጫ ላይ እንዳስተከሉት አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ። የኔንም ዘር ያስመጡት ንጉሥ ናቸው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ሲያስቡ፣ ከተማዋን በቦታዋ ያቆየናት እኛ ነን።»

ዝም አለችው።

ጥቅምት ላይ ባለ መጥረቢያው መጣ። ግንዱ ለአዲስ አበባ ፎቆች መወጣጫ ተጫነ፤ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን እናቶች በጀርባቸው አዝለው ሄዱ። ክረምት ሲገባ ጉቶው አቆጠቆጠ። አደገ፣ አበበ፣ ተቆረጠ። ደግሞ አቆጠቆጠ። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠች ከጉቶዋ አትነሣም፤ ይህን ታውቃለች።

በሦስተኛው ቆረጣ ማግስት «ያማል?» አለችው።

«ያማል እንጂ። ግን እነዚያ እናቶች እኔን ሲያጡ ወዴት ዞረው እንደሚያዩ አውቃለሁ።»

ጥዷ ግንቡን አየችው። ለካ ከሰው ደረት አይበልጥም። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቃት እሱ ይመስላት ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ነሐሴ ባሕር ዛፉ ተጣራ፤ «እማማ! ወፍ ፍሬዎን በልታ እግሬ ሥር ጣለችው፤ በቅሏል። ገና ጣት አያህልም፤ ቅጠሉ ግን ከአሁኑ ይዋጋል።»

አሮጊቷ ነፋስ ሳይኖር ተንቀጠቀጠች። በቅጥሯ ውስጥ፣ ሰው በሚረግጠው መሬት፣ አንድም ልጅ አልጸደቀላትም።

«ውሃው ለሁለታችሁ ይበቃል?»

ባሕር ዛፉ ቶሎ አልመለሰም። ሥሩ የሚጠጣውን ያውቃል።

«እስከ ጥቅምት ይበቃናል» አላት።

«ከዚያስ፣ ልጄ?»

«ከዚያማ እኔ እቆረጣለሁ።»