የ12 ደቂቃ ንግሥት

የሌሊት ንግሥት፣ ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791 በደረሰው “ምትሃታዊው ዋሽንት” ኦፔራ ውስጥ ያለች ገጸ ባሕርይ ናት። ኦፔራው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ንግሥቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትዘፍነው ቢበዛ 12 ደቂቃ ነው። ሁለት አሪያ (ለብቻ የሚዘፈን ዜማ) አላት፤ ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከጭፍሮቿ ጋር ብቅ ትልና ምድር ትውጣታለች። የሥራ ሰዓቱ ሲታይ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ የማይገኝ ሹመት ይመስላል። ይሁን እንጂ ሚናው ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሳት ወጣት ሶፕራኖ ለእነዚያ 12 ደቂቃዎች ወራት ትለፋለች። ከልፋቱም የሚከብደው መዝፈኑ ሳይሆን አለመዝፈኑ ነው።

ጣጣውን ያመጣው ዝምድና ነው። ሞዛርት ሚናውን የጻፈው ለሚስቱ ታላቅ እኅት ለዮዜፋ ሆፈር ነበር። ጉሮሮዋ የት ድረስ እንደሚወጣ ያውቃልና በልኳ ሰፋላት። እሷም ኦፔራው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1791 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየበት ምሽት አንሥቶ እስከ 1801 ድረስ ለበሰችው። ከእሷ ወዲህ የመጡት ሁሉ በሰው ልክ የተሰፋውን እንዲለብሱ ተፈረደባቸው። የመከራው ስም “ፋ” ይባላል፤ በመጀመሪያው አሪያ አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው አራት ጊዜ የምትመጣ ከፍተኛ ድምፅ ናት። እሷን ለማውጣት የድምፅ አውታሮች በሴኮንድ ወደ 1,400 ጊዜ መርገብገብ አለባቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚመጣው ለአምስቱ ፋዎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አራቱ ሰምረው አምስተኛዋ ብትሰነጠቅ በእረፍት ሰዓት የሚወራው ስለ አምስተኛዋ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከኖታው ነው። የኦርኬስትራው ሥራ ለፒያኖ ተጠቃሎ የተጻፈበት ጥራዝ ይገዛል፤ የራስ ክፍልም በሃይላይተር ይቀለማል። የንግሥቲቱን ልጅ ፓሚናን የምትዘፍነው ባልደረባ ቀለሙን ትጨርሰዋለች። ንግሥቲቱ ግን ገጽ ስትገልጥ ቆይታ፣ ጥቂት ቀልማ፣ እንደገና ስትገልጥ ትውላለች። ቀጥሎ ቃሉ ይጠናል፤ ዜማው ገና አይነካም። የእያንዳንዱ ቃል ፍቺ በእርሳስ ከመስመሩ በላይ ይጻፋል፤ ግጥሙም ያለ ዜማ፣ በምቱ ልክ፣ ደጋግሞ ይነበባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም።

አፏን በጀርመንኛ ያልፈታች ድምፃዊት በዚህ ደረጃ የሚያስጨንቃት ፋዋ አይደለችም። ኦፔራው በጀርመንኛ ነው፤ በዜማዎቹ መካከልም ንግግር አለው። ንግሥቲቱም ከሁለተኛው አሪያ አስቀድማ ሰባት እጥፍ ስለሆነው የፀሐይ ክበብ ለልጇ በንግግር ታስረዳለች። ዜማ የሚሸፍነው የአነጋገር ጉድለት በዚህ ቦታ ራቁቱን ይወጣል። ንግግሩን የሚያሳጥሩ አዘጋጆች አሉ፤ በድምፃዊቷ ጸሎት ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ አይቀርም።

በዚህ መሐል የሌሎችን ቅጂ የማድመጥ ፈተና ይመጣል። መምህራን “መጀመሪያ ኖታው፣ ኋላ ቅጂው” ይላሉ፤ ተማሪዎች ሌሊት ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ያደምጣሉ። ፉክክሩ እንዲህ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ኤዳ ሞዘር በቮልፍጋንግ ሳቫሊሽ መሪነት የዘፈነችው ሁለተኛው አሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 በወርቅ ተለብጦ በተሠራ ሸክላ ላይ ተቀርጾ፣ በሁለቱ ቮየጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ተልኳል። ቮየጀር 1 በ2012 ከዋክብት መካከል ወዳለው ህዋ ስለተሻገረች ያንን ቅጂ ከእንግዲህ የሚደርስበት ሐያሲ የለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ባለጸጋዋ አሜሪካዊት ፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስ አለች። ይህንኑ አሪያ በሸክላ አስቀርጻዋለች፤ ቅጂውን የሰማ ሁሉ እንደሚመሰክረው ከኖታው ጋር የተገናኘችው አልፎ አልፎ ነው። ይህም ሆኖ በኦክቶበር 1944 በካርኔጊ አዳራሽ ስትዘፍን ቲኬቱ ቀድሞ አልቆ ነበር። ከሁለቱ ቅጂዎች ለወጣቷ እንቅልፍ የሚሰጣት የሁለተኛዋ ነው።

ዜማው ወደ ጉሮሮ የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። የኦፔራ ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች፣ ኮሬፔቲተር የሚሉት፣ አሪያውን በግማሽ ፍጥነት ያስጀምራታል። ፋ የመጨረሻዋ እርከን እንዳትሆን የማሟሟቂያው ልምምድ አልፏት እስከ ሶል፣ ከተቻለም እስከ ላ ይወጣል። ቦታዋ ስትደርስ ድምፃዊቷ ብዙ አየር አትስብም፤ እየተቆራረጡ ለሚወጡ አጫጭር ድምፆች የተትረፈረፈ ትንፋሽ ሸክም ነው። አገጯ ይወርዳል፤ ምላሷ ከታችኛው ጥርሷ ኋላ ይተኛል፤ ከእምብርቷ በላይ ያለው ጡንቻ ለእያንዳንዷ ድምፅ አንዴ እመር ይላል። ትከሻዋ ከተነሣ ኮሬፔቲተሩ እጁን ከፒያኖው ላይ አንሥቶ ዝም ይላል። ለምን እንዳቆመ አይጠየቅም፤ እሷም ትከሻዋን አውርዳ ከመነሻው ትጀምራለች።

የቀረው ልምምድ የሚካሄደው ባመዛኙ በኪራይ ቤት ነው። በጀርመን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤትን መረበሽ ክልክል ስለሆነ ንግሥቲቱ የምትቆጣው ቀን ቀን ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤትም ኦፔራ ቤት ሳይረግጥ አሪያውን በቃሉ ያጠናል። ፋዋ አልወጣ ብላ የዋለች ዕለት ደረጃ ላይ ሲያገኛት ሰላምታው “አይዞሽ” የሚል ቃና አለው።

የአጠራር መምህሩ ደግሞ ኢን ከኤ፣ ኡን ከኦ ሲያስለያት ይከርማል፤ ድካሙ ግን ከፍታው ላይ ሲደርስ ከፊዚክስ ጋር ይጋጫል። አንዱ አናባቢ ከሌላው የሚለየው አፍና ጉሮሮ አጉልተው በሚያስተጋቧቸው ንዝረቶች ነው። የዜማው ድምፅ ራሱ ከእነዚያ በላይ ሲወጣ ጆሮ መለያውን ያጣል። በሴኮንድ ከ1,000 ንዝረት በላይ አናባቢዎች ሁሉ ወደ “አ” ያዘነብላሉ። ሞዛርት ይህን የጠረጠረ ይመስል በፋዎቹ ሰፈር ብዙ ቃል አላባከነም፤ ንግሥቲቱ በአንዲት አናባቢ ብቻ ሽቅብ ትሮጣለች። ምን እንዳለች ባይሰማም መቆጣቷን የሚጠራጠር የለም። ያው ፊዚክስ በሌላ በኩል ይክሳታል፤ የኦርኬስትራው ጉልበት የሚከማቸው ዝቅ ባሉት ንዝረቶች ስለሆነ፣ ድምፅዋ ያለ ማይክሮፎን ከሁሉም በላይ አልፎ የኋላ ወንበር ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ የድምፅ ቁጠባው ይጀመራል። ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን በሣጥን ቆልፎ እራት ይወጣል፤ ድምፃዊት ግን እራት የምትበላው በመሣሪያዋ ነው። ሰው በጫጫታ መሐል ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ ጫጫታ የበዛበት ምግብ ቤት አትገባም። በሹክሹክታ ማውራትም አያድናትም፤ አውታሮቹን ያደክማል። አምሽቶ በልቶ መተኛት የጨጓራውን አሲድ ወደ ጉሮሮ ስለሚመልሰው እሱም ቀርቷል። የውኃ ጠርሙስ ከእጇ አይለይም፤ ነገር ግን የተጠጣ ውኃ አውታሮቹን አይነካቸውም። ወደ ሆድ ወርዶ፣ ከደም ጋር ዞሮ ነው ርጥበቱ የሚደርሳቸው። ለማታው ዘፈን የሚበጀው እንግዲህ ቀን የተጠጣው ነው፤ ልትወጣ ስትል የምትጎነጨው ልብ ለማረጋጋት ብቻ ነው። አውታሮቹ ዘንድ በቀጥታ የሚደርሰው እንፋሎት ስለሆነ ማታ ማታ ፎጣ ተከናንባ ትታጠናለች። ለሚያስነጥሰው ሰው “ይማርህ” የምትለው ሁለት እርምጃ ከሸሸች በኋላ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ከእሷ በላይ የሚኖርበት የለም።

የመድረክ ልምምዱ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ ሐሳቡን ያብራራል፤ በዚህ ዝግጅት ንግሥቲቱ ከባሏ የተፋታች የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ልትሆን ትችላለች። ድምፃዊቷ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ የትም ትሹም ፋዋ ያው ፋ ናት። በየቀኑ ሙሉ ድምፅ አታወጣም፤ ከፍተኛዎቹን ድምፆች አንድ ኦክታቭ አውርዳ ወይም በግማሽ ድምፅ ትጠቁማለች። ማርኪረን የሚባል የታወቀ ደንብ ነው፤ ከመድረክ ኋላ መጋረጃ የሚስቡት ሠራተኞች ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ “ይቺ ልጅ ትችል ይሆን?” እየተባባሉ ይሰነብታሉ።

የመድረክ ንድፍ አውጪው ካርል ፍሪድሪሽ ሺንከል እ.ኤ.አ. በ1816 በርሊን ውስጥ ንግሥቲቱን በከዋክብት ጉልላት ሥር፣ በጨረቃ ላይ ካቆማት ወዲህ፣ አዘጋጆች ከፍ አድርገው ማቆም ይወዳሉ። ስለዚህ ወጣቷ ገመድ ታጥቃ መንጠልጠልን ወይም ጠባብ ማማ ላይ ቆሞ መዝፈንን ትለማመዳለች። ከልብስ ሰፊዋ ጋር የሚደረገው ድርድርም የዝግጅቱ አካል ነው። ወገብ የሚያጠብቀው ኮርሴ ሲለካ ብልኋ ድምፃዊት ጎኗን በአየር ነፍታ ትቆማለች፤ ልብስ ሰፊዋም ነገሩ ስለማይጠፋት “አሁን ተንፍሺና ልለካሽ” ትላለች። የማትተነፍሰው ታሸንፋለች።

የመጨረሻው ሳምንት የኦርኬስትራና የአጉል እምነት ነው። መድረክ ላይ ማፏጨት ነውር ነው። ባልደረቦች በግራ ትከሻዋ በኩል “ቶይ ቶይ ቶይ” እያሉ ይመርቋታል፤ “አመሰግናለሁ” ካለች ምርቃቱ ይፈርሳል። አጠቃላይ ልምምዱ ከተበላሸ የመክፈቻው ምሽት ያምራል የሚል እምነትም አለ፤ የተፈለሰፈው አጠቃላይ ልምምዱ በተበላሸበት ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በመክፈቻው ምሽት ደግሞ የመጠበቅ ችሎታ ይፈተናል። ከመጀመሪያው አሪያ እስከ ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት በላይ አለ፤ የጋለው ጉሮሮ በዚህ መሐል ይቀዘቅዛል። ከመድረክ ኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋ ነው ብሎ ማመንም አይገባም። ሞዛርት ራሱ በኦክቶበር 1791 ለሚስቱ እንደጻፈው፣ ከመድረክ ኋላ ገብቶ ደወሉን ያለ ቦታው በመምታት፣ ፓፓጌኖ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይጫወት የነበረውን የኦፔራውን ግጥም ደራሲ ሺካኔደርን አስደንግጦታል፤ አዳራሹም ስቋል። ጊዜው ሲደርስ ንግሥቲቱ ለልጇ ጩቤ ታቀብላለች፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ትቆጣለች፤ አራቱን ፋዎች ታወጣለች፤ ትወጣለች።

ሚናው አንዴ ከተያዘ ስልክ ያስከትላል። በጀርመን ብቻ ወደ 80 የሚጠጉ ኦፔራ ቤቶች አሉ፤ “ምትሃታዊው ዋሽንት” ደግሞ እጅግ ከሚታዩት ሥራዎች አንዱ ነው። አንዷ ንግሥት ጉንፋን በያዛት ቀን ሌላዋ በጠዋት ተጠርታ፣ በባቡር ደርሳ፣ ማታ በማታውቀው መድረክ ላይ ትቆጣለች። ይህም ዕድሜ ልክ አይዘልቅም፤ ድምፅ ከዕድሜ ጋር ሲወፍር ፋዋ ትርቃለች። ሉቺያ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1963 በብራቲስላቫ በንግሥቲቱ ሚና ጀምራ፣ በማግሥቱ ዓመት በኦቶ ክሌምፐረር መሪነት ቀረጸችው። በ1981 ለበርናርድ ሃይቲንክ ቅጂ የዘፈነችው ግን ፓሚናን ነው። ጩቤ ታቀብል የነበረችው እናት ተቀባይዋ ልጅ ሆነች፤ በኦፔራ ቤት ይህ የሥራ እድገት ነው።